የወፍጮ ቤት ልጅ ጆሮ

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳርና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ሞተር መጠገን የተማርኩት ደግሞ የሰው ሞተር ፈትቼ፣ መግጠሙ ጠፍቶኝ፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። መሠረተ ትምህርት የታወጀ ጊዜ ማንበብ የማይችሉ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ አንድ ወጣት መጣብኝ። በእጁ የያዘውን ጋዜጣ ተቀበልኩና ከርዕሱ እስከ ማተሚያ ቤቱ ስም ድረስ አነበብኩለት። ተማሪ ሊያደርገኝ መጥቶ አስተማሪ አድርጎኝ ሄደ። ይህን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም። የልጄን ነገር ስጽፍ፣ አንባቢ ጉዳዩን የያዘው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

በዚያን ጊዜ ናዝሬት ከገበያው ዝቅ ብሎ የነበረውን የቀበሌ ወፍጮ የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። የምንኖረው ከወፍጮው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ በእኛና በሞተሩ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እየተንቀጠቀጡ ወደ ጠርዙ ይሄዳሉ። ባለቤቴ በሥራ መካከል እጇን ዘርግታ ወደ ቦታቸው ትመልሳቸዋለች፤ ዞር ብላም አታይም። እንግዳ የሆነ ሰው ቤታችን ሲቀመጥ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣ እየመሰለው ይነሣ ነበር።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው በድምፅ አይነጋገርም። ከሉሜ ጤፍ ጭኖ የመጣ ገበሬም ሆነ ከወንጂ በቆሎ ይዛ የመጣች የሸንኮራ ሠራተኛ ሚስት በሩን ካለፉ በኋላ ቋንቋቸው ጣት ነው። አውራ ጣት ከሌባ ጣት ጋር ከታሸ «ይላምልኝ» ማለት ነው። ቡጢ ከተጨበጠ «ሸካራ ይሁን» ነው። ሁለት መዳፍ ከተጋጨ «አልቋል፣ ከረጢትህን ያዝ» ነው። የቀረውን ከከንፈር ላይ እናነባለን። በዚህ በኩል የሚስተካከለኝ አልነበረም። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ጥርስ ያለውም ይሁን የሌለው፣ ሰው አፉን ከከፈተ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

የበኩር ልጄ በዚያ ቤት አደገች። ገና ሳትድህ ባዶ ከረጢት ላይ ትቀመጥና ሥራውን ትመለከታለች። መሄድ ስትጀምር መጥረጊያ ብዬ በእጄ ሳሳያት መጥረጊያ፣ ዘይት ብዬ ሳሳያት የዘይቱን ጣሳ ታመጣለች። እናቷ ከበሩ ላይ ቆማ «ነይ ብይ» ስትላት ሮጣ ትሄዳለች። ደንበኞች «ይቺስ ከአባቷ ትበልጣለች» ይሉኝ ነበር። እኔም ለትሕትና ያህል ዝም እላለሁ።

ችግሩ ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ነበር። ግቢ ውስጥ ከኋላዋ ሲጠሯት አትዞርም። የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ እሷ ጥጉን ይዛ አፋቸውን ታያለች። ንግግር ደግሞ አልመጣላትም፤ «ውሃ» ለማለት «ኡኣ» ትላለች፤ የቀሩትን ጥቂት ቃላቶቿን ከእናቷ በቀር የሚገባው የለም። እኩዮቿ ተረት መናገር በጀመሩ ጊዜ እንኳ እሷ እዚያው ነበረች።

«ልጅቷ አትሰማም» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቀን። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። «ሂን ዸጌሱ! አትሰማም እኮ ነው የምልህ!»

«እንዴት አትሰማም? ትናንት ቺንጋው መንሸራተት ሲጀምር ከኔ ቀድማ የሰማችው ማን ሆነና?»

ይህ ሐሰት አይደለም። ቺንጋ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ረጅም ጠፍር ነው፤ ሲላላ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ድምፁ ይለወጣል። ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ቆይታ ብድግ አለችና መጥታ ሱሪዬን ጎተተች፤ ቺንጋውን አሳየችኝ። እኔ ገና አልሰማሁም ነበር። ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ ሞተር በድምፁ ብቻ በሽታውን የሚናገር ሰው ቢፈለግ የሚጠራው የኔ ስም ነው። እንግዲህ እኔን የቀደመ ጆሮ አይሰማም ማለት እኔን መስደብ ነው።

«ታዲያ ስጠራት ለምን አትመጣም?» አለች ባለቤቴ።

«ግትር ስለሆነች ነዋ።»

«ግትርነቱን ከየት አመጣችው?»

«እሱን እንኳ አንቺን ፊት ለፊት እያየሁ ብመልስ ደግ አይሆንም» አልኳት።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አጎት ከአርሲ ነገሌ እኛን ለመጠየቅ መጣ። ገበሬ ነው፤ የተረጋጋ፣ ፍርድ መስጠት የሚወድ ሰው ነው። ልጅቷን አገላብጦ ካየ በኋላ ችግሩን አገኘው። «እናቷ በኦሮምኛ ትጠራታለች፣ አባቷ በአማርኛ ይጠራታል። ሕፃን ልጅ ወደየትኛው ትሂድ? አንዱን ያዙላት፤ ትናገራለች» አለ።

ነገሩ አሳማኝ ነበር። ያላሳመነን የትኛው ይያዝ የሚለው ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ ይሁን አልኩ። ባለቤቴ የወለደቻት እሷ ስለሆነች ኦሮምኛ ይሁን አለች። አጎትየው እራት ላይ ሊዳኘን ተቀምጦ ሳለ ጨው ፈለገ፤ ጨው ያለው ልጅቷ ዘንድ ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቃት ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷም አየ፤ በመጨረሻ ጣቶቹን አሽቶ አሳያት። አምጥታ ሰጠችው። ክርክሩ በዚያው ቆመ።

ሰባት ዓመት ሲሆናት ልናስመዘግባት ወሰድናት። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ እየጻፈ «ስምሽ ማነው?» አላት። አሁንም ቀና ሳይል «አባትሽ ማነው?» አላት። ልጄ የግድግዳውን ሥዕል ታያለች። «አባቷ እኔ ነኝ፤ የማልታወቅ ሰው አይደለሁም» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው።

«አንተን አልጠየቅሁም» አለ። «ልጅቷ ራሷን አታውቅም። አእምሮዋ ትምህርት መቀበል የሚችል ለመሆኑ ከሐኪም ማረጋገጫ ካልመጣ አልመዘግባትም። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት አምጣ። አለበለዚያ ቤት ትዋል፤ ቦታውን የሚፈልግ ብዙ ልጅ አለ።»

ቤት መዋል ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ እንደሷ ሳይናገር ያደገ ጎልማሳ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቦቹ ወደ ጓሮ ያስገቡታል፤ ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «የጓሮው» ይለዋል። ባለቤቴ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር የልጅቷን እጅ አጥብቃ ትይዝና እርምጃዋን ታፈጥናለች። ከትምህርት ቤቱ ስንመለስ ግን በበሩ አላለፈችም፤ በረጅሙ መንገድ ዞራ ሄደች።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር እዚያው ከተማ ወደነበረ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ቁስል ከማሰር እስከ መመርመር የሚሠራው ድሬሰር ልምድ ያለው፣ ፈጣን ሰው ነው። ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ እኔን ፊት ለፊቷ አስቀመጠ፤ ራሱ ከኋላዋ ቆመና አጨበጨበ። ልጄ ዞረች። ጥቂት ቆይቶ በቁልፍ ብረት መታ። ዞረች። ፉጨት አፏጨ። ይህንንም ዞራ አየችው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባለቤቴን «አላልኩሽም?» አልኳት።

«አንተን እያየች እኮ ነው የምትዞረው!» አለች።

«አባቷን ማየቷ ጥፋት ሆነ?»

ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ «ጆሮዋ ጤነኛ ነው» አለ። «እየሰማች ካልተናገረች ችግሩ ከላይ ነው ማለት ነው። የአእምሮ ዝግመት ነው። መድኃኒት የለውም፤ በፍቅር ያዟት።»

የመጀመሪያውን ግማሽ ስሰማ ልስመው ነበር፤ ሁለተኛውን ስሰማ ልመታው። እኔ የወለድኳት፣ ቺንጋ ሲላላ የምታውቅ ልጅ ዘገምተኛ! ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ይዛ በመንገዱ ሁሉ ከፊቴ ቀድማኝ ሄደች። እቤት ስንገባ ግን የምትጠጣበትን ጣሳ አስቀምጣ «አዲስ አበባ እንወስዳታለን። ጆሮዋን የሚያይ ትልቅ ሐኪም አለ ይባላል። አንተ ባትሄድ እኔ እሄዳለሁ» አለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሄድኩ።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ እህሉን ከኔ ዘንድ የሚያስፈጭ ሰው ስለሆነ ብዙ አላስቸገረኝም፤ ምክንያቱን ብቻ ጠየቀኝ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ አልናገር ብላ ነው።»

«አትናገርም?» አለ። «ጭራሽ?»

«ጭራሽ ባይሆንም፣ ሰው የሚሰማው ነገር አትናገርም።»

ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ጀርባ ተደገፈ። «ሰውዬ፣ በዚህ ዘመን የማይናገር ሰው ከቤትህ ማግኘት ዕድል አይደለም እንዴ? የኔን ልጅ ባየህ! ቤት ውስጥ የሰማውን ሁሉ ውጭ ወጥቶ ...» ብሎ ሳይጨርስ በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን በፍጥነት ፈርሞ፣ ማኅተሙን አሳርፎ ሰጠኝና «ምንም አላልኩም» አለኝ። «እኔም አልሰማሁም» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እህሉን ሲያስፈጭ ቅድሚያ አይጠይቅም፤ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አውቶቡሱ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ነበር። ከእኛ ኋላ የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ልጅቷን አይተው ነገሩን ከባለቤቴ ከሰሙ በኋላ ደብረ ዘይት ሳንደርስ መድኃኒቱን ሰጡን። «ልጄ፣ ለፍላፊ ሰው የበላበትን ትራፊ አብያት፤ ምላሷ ይፈታል» አሏት።

ባለቤቴ ዞራ እኔን አየችና «እማማ፣ ከተወለደች ጀምሮ የምትበላው እሱኑ ነው» አለች።

አውቶቡሱ ሳቀ፤ ሾፌሩ ሳይቀር። እኔም ሳቅሁ። የንግግር ችሎታዬ አዲስ አበባ ሳልገባ መታወቁ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከሶሻሊስት አገር ተምራ የመጣች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምታቋርጥ። እኔ ገና የሞተሩን ዓይነት እያስረዳኋት «ይቀመጡ አባት» አለችና ልጅቷን መመርመር ጀመረች። ያን ጊዜ አባት የምባል ሰው አልነበርኩም፤ ዱቄቱ ነው ጠጉሬን ያሸበተው። እሷም እንደ ድሬሰሩ ከኋላ ቆማ አጨበጨበች። ልጄ ዞረች። እኔም «አዩ?» ለማለት ተዘጋጀሁ። ሐኪሟ ግን ልጅቷን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው። እንደገና አጨበጨበች። አሁንም እኔን አየች።

«እርስዎ ይውጡ» አለችኝ።

«እኔ? እኔ እኮ አባቷ ነኝ።»

«ለዚህ ነው። ሳጨበጭብ ቅንድብዎ ይነሣል። ልጅቷ የምትዞረው ቅንድብዎን አይታ ነው።»

«ቅንድቡ የማይነሣ ሰው የት አለ?»

«ለዚህም ነው የሚወጡት። እናቷ ከኋላ ይቀመጡ።»

ወጣሁ። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት ነበረችበት፤ እኔም ለልጄ ድፍረት ልስጣት ብዬ ፊቴን አስጠጋሁ። ልጄ ክፍሉን በዓይኗ ዞራ ፈለገችኝ፤ አገኘችኝ። ከዚያ ሐኪሟ ከልጅቷ ጀርባ ሆና ምን እንደመታች አላውቅም፤ ብቻ እጇ ሲንቀሳቀስ ዓይኔ ተከተላት መሰለኝ፤ ልጄ ዞረች። ሐኪሟ ቀስ ብላ መጣች፤ ነጭ ካፖርቷን አውልቃ መስታወቱ ላይ ሰቀለችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። ባለቤቴ አታጋንንም፤ እሱ የኔ ሥራ ነው ትላለች። ሐኪሟ መጀመሪያ ከኋላ ሆና አጨበጨበች፤ ልጅቷ አልዞረችም። ደወል መታች፤ አልዞረችም። የብረት ሳህን ወለሉ ላይ ስትጥል ግን ዞረች፤ ሐኪሟም «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሣችና በጨርቅ ላይ ጣለችው፤ ያን ጊዜ አልዞረችም። ቀጥላ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አደረገችላትና ድምፅ በሰማች ቁጥር አንድ የእንጨት ኳስ ጣሳ ውስጥ እንድትጥል አሳየቻት። ልጄ ኳሱን ይዛ ጠበቀች፣ ጠበቀች። ሐኪሟ የመሣሪያውን ጉልበት እየጨመረች ሄደች። በመጨረሻ፣ ወፍራም የሆነው ድምፅ ላይ፣ ኳሷ ወደቀች። ቀጭኑ ድምፅ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እጇ አልተንቀሳቀሰም። ባለቤቴ ማዳመጫውን ከርቀት ትሰማው ነበር። «እኔ እዚያ ማዶ ተቀምጬ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር» ብላ ነገረችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ወረደ።

ከዚያ የአእምሮ ፈተናው መጣ። ሐኪሟ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶችና ቀዳዳ ያለው ገበታ ሰጠቻት። ልጄ እያንዳንዱን እንጨት በየቀዳዳው ገጠመችና ሁለት መዳፏን አጋጨች። ሐኪሟ የደስታ ጭብጨባ መስሏት አብራት አጨበጨበች። ልጄ ተቆጣች። እንደገና መዳፏን አጋጭታ ገበታውን ወደ ሐኪሟ ገፋችው። ሐኪሟም አጨበጨበች። ልጄ ግንባሯን ቋጥራ ገበታውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላትና በሩን አሳየቻት።

ካፖርቱ ከመስታወቱ ላይ ተነሣ። «አባት፣ ይግቡ። ይህ ምን ማለት ነው?»

እንግዲህ ያ ሁሉ ትምህርት እኔን አስፈለገው። «ዶክተር፣ አልቋል፣ ከረጢትዎን ይውሰዱ ማለቷ ነው። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ሐኪሟ ሣቀች፤ ስትሥቅ ገና ልጅ ነበረች። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ልጅቷን በወፍጮ ቤት ቋንቋ እንዳነጋግራት አዘዘችኝ። አነጋገርኳት። ስለ ጤፍ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ እናቷ ስለ ገዛችላት ሙዝ አወራን። ልጄ ይህ ቤት ወፍጮ ሳይኖረው ሰው ለምን ይሰለፋል ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። ሐኪሟ ስትጽፍ፣ ስትጠይቅ፣ ስትጽፍ ቆየችና «ይህን ሁሉ ማን አስተማራት?» አለች።

«እኔ ነኛ።»

«እሷ ራሷ ነች» አለች ባለቤቴ ከኋላ።

ሐኪሟ አሁን ወረቀት አንሥታ አፏን ሸፈነችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ልጄ ወረቀቱን ታያለች። እኔም ወረቀቱን አያለሁ። ባለቤቴ «አዎ፣ ሦስት ልጆች አሉን» ብላ መለሰች። ሐኪሟ እንደገና ተናገረች፤ ባለቤቴ መለሰች። እኔና ልጄ የባለቤቴን ከንፈር እናያለን።

«አባት፣ የእርስዎም ጆሮ ቢመረመር ጥሩ ነበር» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን አውርዳ።

የኔ ጆሮ በናዝሬት የታወቀ መሆኑን ነገርኳት፤ የቺንጋውንም ታሪክ ከነዝርዝሩ አስረዳኋት፤ የልጄ ጆሮ ከእሱም እንደሚበልጥ። ሐኪሟ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ልጅቷን ጠረጴዛው ላይ መዳፏን እንድታሳርፍ አደረገችና ከሥር በጣቷ ቀስ ብላ ቆረቆረች። ልጄ ወዲያው ፈገግ አለች። «ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግሯ ነበረች አይደል?» አለች። «ቺንጋውን የሰማችው በእግሯ ነው። እርስዎ ደግሞ ያልሰሙት ያን ሁሉ ዓመት ወፍጮ አጠገብ ስለቆሙ ነው።»

ይህን ሳስበው ትክክል ነው። እኔም የከበደ የሞተር በሽታ ሲገጥመኝ መዳፌን አሳርፌ ነው የማዳምጠው። ልጄ ሙያውን የወሰደችው ከማን እንደሆነ ግልጽ ሆነ። የኔ ጆሮ መድከሙን ደግሞ አልተቃወምኩም፤ ወታደር በጥይት እንደሚቆስል የወፍጮ ሰው በጆሮው ይቆስላል።

«የልጅቷ ሁለቱም ጆሮዎች ከውስጥ በኩል ደክመዋል» አለች ሐኪሟ። «ወፍራም ድምፅ ትንሽ ይደርሳታል፤ የሰው ንግግር ግን ተቆራርጦ ነው የሚደርሳት፤ ቀጭኑ ጭራሽ የለም። ያልተናገረችው ስላልሰማች ነው። አእምሮዋ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከዕድሜዋ ቀድማለች።»

«በአባቷ ወጥታ ነው።»

«የአእምሮ ዝግመት የሚለውን ቃል ማንም እንዳይደግምባት። ፊቷን እያዩ ይናገሯት፤ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ትቀመጥ።»

«ይህ የሆነው በወፍጮው ነው?» አለች ባለቤቴ። የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።

«አይደለም። አብሯት የተወለደ ይመስለኛል። ወፍጮው ያደረገው ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ በጣት በሚነጋገርበት፣ ባትሰማም ነገሩ በሚገባት ቤት ውስጥ ማሳደጉ ነው። ለዚህ ነው ያልታወቀባችሁ።»

ባለቤቴ ለዓመታት ስትለው የኖረችውን ነገር ሐኪም ሲደግመው ደስ ይላት ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር። ደስ አላላትም። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የተፈታ ሹሩባዋን ስትጎነጉን ቆየች፤ ጎንጉና ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና ጀመረች። እኔም ለአንድ ጊዜ እንኳ የምናገረውን ነገር ለኋላ አቆየሁት።

ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ከውጭ ሲመጣ እንደምትጠራን ነግራን ዳይሬክተሩ የጠየቀውን የማረጋገጫ ወረቀት ሰጠችን። መሣሪያው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሣጥንና ሽቦ ያለው። ልጄ አድርጋው ወፍጮ ቤት በገባች ቀን ሞተሩን አስነሣሁ፤ ጮኸች፤ ሽቦውን ከጆሮዋ ነቅላ እኔን በቁጣ አየችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ውስጥ ደብቄ ያኖርኩ ይመስል።

ወደዚያው ሰሞን ልመለስና፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ወረቀቱን ይዘን ዳይሬክተሩ ዘንድ ደረስን። ግቢው ውስጥ ቆሞ አነበበው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አነበበው። «ወረቀቱ ደንበኛ ነው» አለ። «ግን የማትሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለች? ቆይ፣ መምህሩን ላማክር።» የአንደኛ ክፍሉን መምህር ጠርቶ ከግቢው ማዶ ዛፍ ሥር ሄዱ። ባለቤቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ዓይኗን ከዛፉ አላነሣችም። እኔ ጊዜ እንዳይባክን ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስለ ውስጥ ጆሮ አሠራር ለዘበኛው ማስረዳት ጀመርኩ። ዘበኛው ነገሩ ከብዶት ዓይኑ ይጨፈናል።

ሱሪዬ ተጎተተ። ልጄ ናት። በጣቷ ዳይሬክተሩን አሳየችኝ፤ ቀጥላ እኔን አሳየች፤ ከዚያ ጣቷን በአየር ላይ አዞረች፣ አዞረች፣ ባዶ መዳፏን ዘረጋች። በእኛ ቤት ይህ እህል ሳይጨመርበት ዝም ብሎ ለሚዞር ወፍጮ የሚሰጥ ምልክት ነው።

ቀጥ ብዬ ወደ ዛፉ ሄድኩ። «ጓድ ዳይሬክተር፣ እህል የሌለበት ወፍጮ ነው ያሉኝ?»

ዳይሬክተሩ ደነገጠ። «እኔ እንዲያ አላልኩም! ልጅቷስ ደህና ትመስላለች፣ አባትየው ግን አፉ አያርፍም ነው ያልኩት ...» ብሎ ቆመ። «ማን ነገረህ? እዚያ ድረስ አይሰማም።»

«አይሰማም» አልኩት። «እሷ ነገረችኝ።»

ሁለቱም ዞሩ። ልጄ ከግቢው ማዶ ከእናቷ አጠገብ ቆማ አፋቸውን ትጠብቃለች። ዳይሬክተሩ ምንም ድምፅ ሳያወጣ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «በሩን ዝጊ» አላት። ልጄ ወደ ግቢው በር ሄደች፤ ከባድ የቆርቆሮ በር ነው፤ ትከሻዋን ሰጥታ እየገፋች ዘጋችው። ዘበኛው ነቅቶ «ምን ሆናችሁ? ገና ሰዓቱ አልደረሰም!» እያለ ሊከፍት ሲሮጥ መምህሩ ሣቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ እኔ እወስዳታለሁ» አለ ለዳይሬክተሩ። «ከሚሰሙት ልጆች ውስጥ በር ዝጉ ስል የሚዘጋ እስካሁን አላገኘሁም።»

ዳይሬክተሩ ቢሮው ገብቶ መዝገቡን ከፈተ። በዚህ ጊዜ አላቀረቀረም። ቀና ብሎ ፊቷን እያየ «ስምሽ ማነው?» አላት። ልጄ ተናገረች፤ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ ተጣመመ፤ እሱ ግን አንድ ጊዜም «ምን አልሽ?» ሳይል ጻፈው። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የተጻፈውን አየች። ማንበብ የተማረችው ከኔ ስለሆነ ስህተት እንደሌለው አረጋገጠች።

ትምህርት በተጀመረ ቀን ለመምህሩ የምነግረው አንድ ንግግር አዘጋጅቼ ሄድኩ። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ማስተማር ለምን እንደማይገባ፣ የከንፈር አጠቃቀም፣ የጥርስ ንጽሕና፣ ሁሉም ነበረበት። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ትምህርቱ ተጀምሯል። ልጄ የፊተኛው ዴስክ ላይ ናት። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ እየጻፈ ይናገራል። ልጄ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ሄደች፤ የኮቱን ጫፍ ይዛ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩ፣ መምህሩን ጎትታ ወደ ክፍሉ አዞረችውና ተመልሳ ተቀመጠች። መምህሩ ይቅርታ ጠየቃትና ያለውን ከመጀመሪያው ደገመው።

ንግግሩን ሳላሰማው ቀረሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።